ውርስ ሲጣራ ከሟች ገንዘብ የሚከፈለውና ከኪስ የሚወጣው

ወንድማማች በውርስ የሚኳረፈው ብዙ ጊዜ በቤቱ ሳይሆን በተዝካሩ ነው። አንዱ ልጅ በሬ ገዝቶ፣ ድንኳን ተክሎ፣ ጠላ አስጠምቆ አርባውን ያወጣል፤ ከዚያ «ከእናታችን ገንዘብ ላይ ይነሣልኝ» ይላል። ሕጉ አያነሣለትም። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1014 ከውርሱ የሚከፈለውን በተራ አስቀምጧል፦ መጀመሪያ የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ የአስተዳደርና የማጣሪያ ወጪ፣ ከዚያ የሟች ዕዳ፣ ከዚያ የቀለብ ዕዳ፣ በመጨረሻ በኑዛዜ ተለይተው የተሰጡ ስጦታዎች። ቁጥር 1015 ደግሞ የመታሰቢያ ድግስን፣ ልማዱ ምንም ቢሆን፣ ከቀብር ወጪ አስወጥቶታል። ቀብሩ ራሱም ቅድሚያ የሚያገኘው ለሟች የኑሮ ደረጃ የተመጠነ ከሆነ ብቻ ነው።

በቁጥር እንየው። ባሏ ቀድሞ የሞተ እናት አራት ልጆችና ባንክ ውስጥ 400,000 ብር ትተው አለፉ እንበል። ቀብሩ 90,000፣ ማጣሪያው 30,000፣ ዕዳቸው 120,000 ብር ቢሆን የሚቀረው 160,000 ነው፤ ለእያንዳንዱ 40,000 ይደርሳል። አርባውን በ150,000 ብር ያወጣው ልጅ ያንን ከውርሱ ላንሣ ካለና ከተሳካለት ግን የእያንዳንዱ ድርሻ 2,500 ብር ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ድግሱን ለመካፈል የተስማማችሁ እንደሆነ ድንኳኑ ሳይተከል፣ ማን ስንት እንደሚያዋጣ በወረቀት አስፍራችሁ ተፈራረሙ። ለቀብሩ ደግሞ የሳጥን፣ የመኪናና የመቃብር ደረሰኝ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በአንድ ፖስታ ይቀመጥ። ዕድሩ የሸፈነው ወጪ ከውርሱ ላይ እንደገና አይጠየቅም።

ሞቱን በ30 ቀን ውስጥ ወረዳው ሲቪል ምዝገባ ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ። የሞት ምስክር ወረቀቱ ሳይያዝ ሌላው ሁሉ አይንቀሳቀስም። ቀጥሎ የወራሽነት ማስረጃ ነው፤ ሟች ይኖሩበት በነበረው አካባቢ ለሚገኝ ፍርድ ቤት ይቀርባል። አዲስ አበባ ላይ ይህን የሚሰጠው የከተማው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው፤ ክልል ላይ ወረዳ ፍርድ ቤት። ማመልከቻ፣ ቃለ መሐላ፣ የሞትና የልደት ማስረጃዎች፣ ምስክሮች ይጠየቃሉ። ፍርድ ቤቱ ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ በጋዜጣ ማስታወቂያ እንዲወጣ ሊያዝ ይችላል፤ የማስታወቂያውን ክፍያ አመልካቹ ይከፍላል።

እዚህ ላይ የሚያስከፍለው ስም ነው። ካርታው ላይ «ወ/ማርያም»፣ መታወቂያው ላይ «ወልደማርያም»፣ የባንክ ደብተሩ ላይ «ሀይሉ»፣ የልጁ ልደት ላይ «ኃይሉ» ተብሎ ይገኛል። ፍርድ ቤቱ ባይጠይቅ እንኳ ባንኩና የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ይጠይቃሉ፤ ያኔ አዲስ መዝገብ፣ አዲስ ቀጠሮ ነው። ሰነዶቹን ሁሉ ደርድራችሁ ፊደል በፊደል አመሳክሩና፣ ልዩነት ካለ ስሞቹ የአንድ ሰው መሆናቸው እንዲረጋገጥ በዚያው በመጀመሪያው ማመልከቻ ጠይቁ።

ወራሾች ከተስማሙ አጣሪ፣ ማለትም የሟችን ንብረትና ዕዳ ለይቶ ውርሱን ለክፍፍል የሚያዘጋጅ ሰው፣ ማስሾም የግድ ያስፈልጋል ማለት አይደለም። የክፍፍል ስምምነት ጽፎ፣ ቤት ካለበት ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ፊት መፈረም ይበቃል። ካልተስማማችሁ ወይም ዕዳው የማይታወቅ ከሆነ አጣሪ ይሾማል፤ ክፍያው ሟች በኑዛዜ ካልወሰኑት በስምምነት፣ እሱም ካልሆነ በፍርድ ቤት ይወሰናል። ሥራ ሳይጀምር ቁርጥ ዋጋ ጠይቁ። ጠበቃም ቢሆን «ከሚገኘው በመቶኛ» ሲል፣ ያለክርክር ለሚወጣ ማስረጃ መቶኛ መክፈል አያዋጣም። ክርክር ተነሥቶ የንብረት ክስ ከሆነ የዳኝነት ክፍያው በንብረቱ ግምት ስለሚሰላ ወጪው በአንዴ ያድጋል፤ አቅም የሌለው በደሃ ደንብ፣ ማለትም የዳኝነት ክፍያ ሳይከፍል፣ ለመክሰስ ማመልከት ይችላል።

ሳይካፈሉ በፊት የትዳር ጓደኛ ድርሻ ይለያል። ሚስት ያለ ኑዛዜ በሚወረስ ንብረት ላይ ወራሽ አይደለችም፤ ከጋራ ንብረቱ ግማሹ ግን ከመጀመሪያውም የራሷ ነው። ወደ ውርስ የሚገባው የሟች ግማሽ ብቻ ነው። በሞቱ ምክንያት ለቤተሰብ የሚከፈል ጡረታም ከውርሱ ውጪ ነው፤ ከወንድሞች ጋር አይካፈሉትም፣ የሟች አበዳሪም አይነካውም። የሕይወት መድን ተጠቃሚው በስሙ ተለይቶ ከተጻፈ እንደዚያው ነው። የቀበሌ ቤት የሟች ንብረት ስላልሆነ አይወረስም። የገጠር መሬት በራሱ ሕግ የሚሄድ ስለሆነ በዚህ ስሌት አትክተቱት።

ቤቱን በስም ለማዛወር ያልተከፈለ የቤትና የቦታ ግብር ወይም ሊዝ ካለ ተከፍሎ ክሊራንስ (ዕዳ እንደሌለበት የሚያሳይ ማስረጃ) መያዝ አለበት። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ለባንኩ የቀረውን ዕዳ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ውዝፉ እስከ ዕለተ ሞት ያለው የሟች ዕዳ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ቤቱን ይዞ ያከራየው ወራሽ ሊጠየቅበት ይገባል።

ውጭ አገር ያለ ወራሽ ካለ ውክልናው ላይ ነው ብዙ ብር የሚባክነው። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ የተሰጠ «ጠቅላላ ውክልና» ቤት ለመሸጥ፣ ለመታረቅና ለመክሰስ አይበቃም፤ ሕጉ ለእነዚህ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ስለዚህ «የውርስ ድርሻዬን እንዲካፈልልኝ፣ እንዲሸጥልኝ፣ እንዲታረቅልኝ፣ እንዲከስልኝ፣ እንዲከሰስልኝ» ተብሎ እያንዳንዱ ይጻፍ። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ያረጋገጠው ወረቀት እዚህ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ያልፋል። አንድ ቃል ቢጎድል ይህ ጉዞ በሙሉ ከነክፍያው ይደገማል።

እናት በሕይወት ሳሉ የሰጡት ውክልና ደግሞ በሞታቸው ቀን ያበቃል። በዚያ ውክልና ከሞታቸው በኋላ ከባንክ ብር ያወጣ ልጅ፣ ለቀብርም ቢሆን፣ በኋላ ሒሳብ ይጠየቃል። ለቀብር የሚሆነውን ከዕድርና ከዘመድ አሟልቶ፣ ዕድሩ ያልሸፈነውን በደረሰኝ ከውርሱ ማስመለስ ይሻላል።

ንብረቱን አንዱ ወራሽ ብቻውን ከያዘው፣ ሌላው መብቱንና የንብረቱን መያዝ ባወቀ በ3 ዓመት ውስጥ መክሰስ አለበት። ሽማግሌ እየተላከ «ቆይ፣ ሙት ዓመቱ ይለፍ» ሲባል ይህ ጊዜ አይቆምም። ሽማግሌው ይቀጥል፤ መዝገቡ ግን ቀድሞ ይከፈት።