የመርከብ ቦይ ማዘመን ከውሃው ይጀምራል

የመርከብ ቦይ ይዘምን ሲባል ሁሉም የሚያስበው ቁፋሮ ነው። እናስፋው፣ እናጥልቀው፣ ትልልቅ መርከብ ይግባ። እኔ ግን መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ጠይቁ ባይ ነኝ።

የፓናማን ቦይ እዩ። መርከቡ የውሃ ክፍሉ ውስጥ ይገባል፣ ከኋላው በሩ ይዘጋል፣ ከላይ ውሃ ይለቀቅበትና ያ ሁሉ ብረት ያለ ፓምፕ ቀስ እያለ ይነሳል። እንዲህ ደረጃ በደረጃ ከባህር ወለል 26 ሜትር ገደማ ከፍ ወዳለው የጋቱን ሀይቅ ይወጣል። ግሩም ነው! ግን አንድ መርከብ ባለፈ ቁጥር 200 ሚሊዮን ሊትር ያህል የሀይቅ ውሃ ባህር ይገባል፣ ሀይቁ ደግሞ ሕዝብ የሚጠጣውም ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ዝናብ ሲጠፋ በቀን የሚያልፉትን መርከቦች መቀነስ ግድ ሆነ።

ስለዚህ የውሃ ሂሳባችሁን በደህናው ዓመት ሳይሆን በድርቁ ዓመት ስሩ። ቀጥሎ ውሃውን ደጋግሞ መጠቀም ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተከፈቱት የፓናማ አዳዲስ ክፍሎች ከጎናቸው ገንዳዎች አሏቸው፤ ከሚጠቀሙት ውሃ 60 በመቶው ተመልሶ ያገለግላል። ታዲያ የባህር ጨው ወደ ሀይቁ ሰርጎ እንዳይገባ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ ለኩ፣ አንዴ ከገባ ማውጣቱ ከባድ ነው። አዲስ ግድብ የግድ ካስፈለገ ቦታው ላይ የሚኖሩትን ሰዎች ካርታው ሳያልቅ አነጋግሩ። ካለቀ በኋላ ማነጋገር ማስታወቂያ መንገር ነው።

የግብፁ ስዊዝ ቦይ ሌላ ነው። ባህርን ከባህር በቀጥታ ስለሚያገናኝ የውሃ ክፍል የለውም፤ ችግሩ ጥበት ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ኤቨር ጊቭን የተባለው 400 ሜትር መርከብ ተሰንቅሮ መንገዱን ለስድስት ቀን ዘጋው። እንዲህ ላለው ቦይ ጠባቡን ማስፋት፣ አቅም ያላቸው ጎታች ጀልባዎች በቅርብ ማቆምና ደለሉን በየጊዜው መጥረግ ይቀድማል። የሚወጣው ደለል የት እንደሚደፋ ግን ቁፋሮው ሳይጀመር ይወሰን።

ወረፋውንም አትርሱ። መርከቦች ሰዓታቸውን ቀድመው ካወቁ ተጣድፈው መጥተው ደጅ አይቆሙም፣ በዝግታ ይመጣሉ፣ ነዳጅም ጭስም ይቀንሳል። ይሄ ከቁፋሮ በጣም ይረክሳል፣ ዛሬውኑ መጀመር ይቻላል።

ግንባታው ሲጀመር ደግሞ አሮጌውን አትዝጉ። ፓናማ አዲሱን ከጎኑ ነው የገነባችው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ጀምራ ዘጠኝ ዓመት ፈጀባት፣ መርከቦቹ ግን በአሮጌው ያልፉ ነበር።