ግዴታ ያልሆነውን ኤስኤቲ ልፈተን ወይስ ልተወው? ከጎንደር ሆናችሁ ለኢንጂነሪንግ ለምታመለክቱ

አሜሪካ ኢንጂነሪንግ ለመማር የሚያስብ ልጅ ሁሉ ይህችን ይጠይቃል፦ ኤስኤቲ፣ ማለትም ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ የሚወሰደው የሒሳብና የእንግሊዝኛ ፈተና፣ በምርጫ ከሆነ ምን አደከመኝ? መልሴ አጭር ነው። ሒሳባችሁ ጠንካራ ከሆነ ተፈተኑ። ካልሆነ ብራችሁን ያዙ።

መጀመሪያ ፋይላችሁን በተቀባዩ ዓይን እዩት። እዚያ ማዶ ያለው የቅበላ ሠራተኛ ስለ ትምህርት ቤታችሁ ምንም ላያውቅ ይችላል። ትራንስክሪፕታችሁ ሒሳብ 96 ይላል። አንዱ ትምህርት ቤት ውስጥ 96 በላብ የሚገኝ ነው፣ ሌላው ጋ ደግሞ ለግማሽ ክፍል ይታደላል፤ ሰውዬው ይህን በምን ያውቃል? የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ቀርቷል። የ12ኛው የሚሰጠው በክረምት መግቢያ ነው፣ የብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻ ግን ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ይዘጋል። ስለዚህ 12ኛ እየተማራችሁ ስታመለክቱ፣ ከራሳችሁ መምህራን ሌላ ሒሳብ እንደምትችሉ የሚመሰክር ቁጥር የላችሁም። ይህን ክፍተት የሚሞላው ከ800 የሚታሰበው የኤስኤቲ ሒሳብ ነው። ኢንትራንስ ጨርሳችሁ ውጤቱን ይዛችሁ የምታመለክቱ ከሆነ ነገሩ ትንሽ ቀለል ይላል።

ቀጥሎ የመረጣችኋቸውን ዩኒቨርሲቲዎች ለዩ። ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። ኤምአይቲ እ.ኤ.አ. በ2022 ፈተናውን ግዴታ አድርጎ መልሶታል፣ ዋናው ምክንያቱም የሒሳብ ዝግጁነት ነበር። ካልቴክ በ2024 ተከተለ። ጆርጂያ ቴክና ፐርዱም ይጠይቃሉ። በርክሌይና ዩሲኤልኤ ያሉበት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ለመግቢያ ውሳኔ ጭራሽ አያየውም፣ ሙሉውን 1600 ብታመጡም። ፈተናውን በምርጫ ያደረጉት መሃል ላይ ናቸው። እነሱ ጋ አንድ ነገር አጣሩ፦ ለመግቢያ ምርጫ የሆነ ፈተና ለስኮላርሺፕ ግዴታ የሚሆንበት ቦታ አለ። ለኛ ልጅ ደግሞ ያለ ስኮላርሺፕ መግባት ምን ዋጋ አለው?

የዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ «ባትልኩም አትጎዱም» ይላል። እመኑት፣ ግን ቁጥሩንም እዩ። የዩኒቨርሲቲውን ስም ጽፋችሁ «ኮመን ዳታ ሴት» (Common Data Set) ብላችሁ ፈልጉ፣ ዩኒቨርሲቲው ስለ ተማሪዎቹና ስለ ቅበላው ቁጥሮችን የሚያወጣበት ሰነድ ነው። ሲ 7 (C7) የሚለው ክፍል ለፈተና ውጤት ምን ያህል ቦታ እንደሚሰጡ ይነግራችኋል። ሲ 9 (C9) ደግሞ ከገቡት ተማሪዎች ስንት በመቶው ውጤት እንደላከና የሒሳባቸው ዝቅተኛና ከፍተኛ እርከን (25ኛና 75ኛ ፐርሰንታይል) የት እንደሆነ ያሳያል። አብዛኛው ሰው ይህን ሳያይ ነው የሚጨነቀው።

አሁን ብር ሳትከፍሉ ራሳችሁን ፈትሹ። ብሉቡክ የሚባለውን፣ የኤስኤቲ አዘጋጅ የሆነውን የኮሌጅ ቦርድን መተግበሪያ ላፕቶፕ ወይም ታብሌት ላይ ጫኑ፣ በስልክ አይሆንም። ሙሉ የልምምድ ፈተናዎች በነፃ አሉ። ፈተናው 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ነው፣ ሒሳቡ 44 ጥያቄ። ሒሳቡ ሁለት ዙር ስላለው የመጀመሪያውን በጥንቃቄ ሥሩ፣ ከባዱንና ትልቅ ነጥብ የሚያስገኘውን ሁለተኛ ዙር የሚከፍትላችሁ እሱ ነው። አንድ ነገር ደግሞ፦ የኛ ልጆች ሁሉንም በእጅ መሥራት ይወዳሉ። ፈተናው ውስጥ ግራፍ የሚሠራ ካልኩሌተር አለ። አንድ የቀጥታ መስመርና አንድ የኳድራቲክ እኩልታ ሰጥቶ የት ይገናኛሉ ሲላችሁ፣ ሁለቱን ጻፉና የሚቆራረጡበትን ነጥብ ክሊክ አድርጉ፣ አለቀ። ያተረፋችሁትን ደቂቃ ለከባዱ ጥያቄ ታውሉታላችሁ።

ከብዙ ልምምድ በኋላ ሒሳባችሁ ከ650 ካልዘለለ፣ እኔ ብሆን ፈተናውን እተወዋለሁ። ክፍያው ከ100 ዶላር በላይ ነው፣ የሚከፈለውም በዓለም አቀፍ ካርድ ነው። ምዝገባው ላይ የሚወጣላችሁ የፈተና ጣቢያ ደግሞ አዲስ አበባ ከሆነ፣ ከአዘዞ የአውሮፕላን ትኬትና ማደሪያ ጨምሩበት። ለምርጫ ፈተና ቤተሰብ ዕዳ ውስጥ አይገባም። ያን ጉልበት ሬኮመንዴሽኑ ላይ፣ ማለትም መምህራችሁ ስለ እናንተ በሚጽፉት የድጋፍ ደብዳቤ ላይ አውሉት። የሒሳብ ወይም የፊዚክስ መምህራችሁ «ጎበዝና ጨዋ ተማሪ ነው» ብለው ከጻፉ ምንም አልጻፉም ማለት ነው። የትኛውን ጥያቄ ክፍሉ ሁሉ ሲያቅተው እንዴት እንደፈታችሁት እንዲጽፉ በትሕትና አስታውሷቸው።

ለመፈተን ከወሰናችሁ ፓስፖርት ቀድማችሁ ያዙ። ላፕቶፑ ባትሪው ቢያንስ ሦስት አራት ሰዓት ይቆይ። መሃል ላይ ኢንተርኔት ቢቋረጥ አትደንግጡ፣ ብሉቡክ ሥራውን ይቀጥላል፣ ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ስትጀምሩና መልሱን ስትልኩ ነው።

ውጤት መጣ እንበል፦ ሒሳብ 760፣ እንግሊዝኛው 560። ልላክ? ሲ 9 ላይ 760 ከዝቅተኛው እርከን በላይ ከሆነና እንግሊዝኛውም ብዙ ካልራቀ፣ ላኩት። የ560ውን ጥያቄ በቶፍል ወይም በዱዎሊንጎ ትመልሱታላችሁ፤ ኤስኤቲን መተው ቢፈቀድም የእንግሊዝኛ ፈተናው አብሮ አይቀርም። ሒሳቡ ራሱ ከእርከኑ በታች ከሆነ ግን ዝም በሉ፣ አልላክሁም ብሎ ማመልከት መብታችሁ ነው። ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች መጀመሪያ ላይ ራሳችሁ የሞላችሁትን ውጤት ስለሚቀበሉ ኦፊሴላዊውን ለመላክ ቀድማችሁ አትክፈሉ።

ውጤቱን የምትሞሉበት ኮመን አፕ (ለብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ ቅጽ የሚመለከትበት ድረ ገጽ) የሚዘጋው እናንተ ባላችሁበት ሰዓት ነው፣ ጎንደር ላይ ከሌሊቱ 5፡59። መብራት ቀጠሮ ስለማያከብር ግን ሁለት ቀን ቀድማችሁ ላኩት።