የባሕር ሥር ኬብል ሲታቀድ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች፦ ከጣና ዳር ሲታይ

ጣና ዳር ተቀምጦ ስለ ባሕር ሥር ኬብል ማውራት ምን ይሠራል የሚል አይጠፋም። እዚህ ስልካችን ላይ የምንከፍተው ቪዲዮ ከውጭ አገር ሲመጣ ግን ውቅያኖሱን የሚያቋርጠው በባሕር ወለል ላይ በተዘረጋ ፋይበር፣ ማለትም መረጃን በብርሃን በሚያሻግር የመስታወት ክር፣ ነው። በሳተላይት የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ በቀጣናው አዲስ መስመር ሲታቀድ የሚሠራው ስህተት እኛም ቤት ይገባል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ኬብል መቁጠር ነው። «አራት አለን፣ አንዱ ቢቆረጥ ሦስት ይቀራል» ይባላል። አራቱ የሚያልፉት በአንድ ጠባብ በር ከሆነስ? ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወጣ ሰው በአውቶቡስም ይሂድ በሚኒባስ፣ አዲሱ ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. እስኪመረቅ ድረስ ዓባይን የሚሻገረው በዚያው በአሮጌው ድልድይ ነበር። በየመንና በጅቡቲ መካከል ያለው የቀይ ባሕር ደቡባዊ በር፣ ባብ ኤል መንደብም፣ እንዲሁ ነው። ወርዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ አውሮፓን ከእስያና ከምሥራቅ አፍሪካ የሚያገናኙ ብዙ ኬብሎች ግን ተጠጋግተው ያልፉበታል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ሩቢማር የተባለች የጭነት መርከብ በየመኖቹ ታጣቂዎች በሁቲዎች ሚሳይል ተመታች፤ በዚያው ሰሞን ኤኤኢ-1፣ ኢአይጂ እና ሲኮም የተባሉት ኬብሎች ተቆረጡ። የተጠረጠረው የመርከቧ መልሕቅ ነው። በግንቦት ደግሞ በሌላው ወገን፣ በሕንድ ውቅያኖስ፣ ኢሲ የተባለው ኬብል እና ሲኮም ባንድ ቀን ተቋርጠው ኬንያና ታንዛኒያ ኢንተርኔታቸው ተንቀራፈፈ። ዕቅድ ሲቀርብ መጠየቅ ያለበት «ስንት ኬብል?» ሳይሆን «መስመሮቹ የሚለያዩት የት ላይ ነው?» የሚለው ነው።

ሁለተኛው የየብሱን መንገድ መርሳት ነው። ኬብሉ ጅቡቲ ሲደርስ ለእኛ ገና መንገድ መጀመሩ ነው። ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ባሕር ዳር ይገባል፤ መንገድ የሚቆፍር አንድ ኤክስካቫተር ከማዕበል የባሰ ጠላቱ ነው። በካርታ ለእኛ የሚቀርበው የመተማው የሱዳን በር ነው። ሱዳን ግን ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት ላይ ስለሆነች የሞያሌውን የኬንያ በር አለማጠናከር ሞኝነት ነው። (ኢንተርኔት በጠፋ ቁጥር ኬብሉን መርገምም ልክ አይደለም፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲዘጋ ምክንያቱ ባሕር ውስጥ አልነበረም።)

በአጭሩ መስመር መታለልም አለ። ከባሕር ዳር ጎርጎራ በጣና ወለል ፋይበር ቢዘረጋ የጎንደሩ ዙሪያ ጥምጥም ይቀር ነበር የሚል ይኖራል። ጣና ግን ጥልቀቱ ቢበዛ 15 ሜትር ገደማ ነው፤ ኬብል ደግሞ የሚጎዳው በጥልቁ ሳይሆን መረብና መልሕቅ በሚደርስበት ቦታ ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከሚደርሰው ከ150 እስከ 200 ብልሽት አብዛኛውን የሚያመጡት ዓሣ አስጋሪዎችና የመርከብ መልሕቆች ናቸው። ሻርክ በላው የሚባለው ወሬ ነው። ከመረብና ከመልሕቅ ለመጠበቅ ነው ኬብሉ ወደ ዳርቻ ሲጠጋ የብረት ሽቦ ተጠቅልሎበት የሚቀበረው።

ሌላው ዕቅዱን በምረቃ ቀን መጨረስ ነው። ኬብል 25 ዓመት እንዲያገለግል ተብሎ ይሠራል፤ በዚያ ሁሉ ዘመን መቆረጡ አይቀርም። ቶንጋ በ2014 ዓ.ም. እሳተ ገሞራ አንድ ለእናቱ የሆነውን ዓለም አቀፍ ኬብሏን ሲበጥሰው አምስት ሳምንት ገደማ ጠበቀች። የቀይ ባሕሩ ጥገና ደግሞ በየመን ውኃ ለመሥራት ፈቃድ ማግኘቱ ራሱ ፈተና ስለነበር ወራት ፈጀ። የጥገና መርከብ ከየት ይመጣል፣ መለዋወጫው ኬብል የት ይቀመጣል፣ የየትኛው አገር ፈቃድ ያስፈልጋል የሚሉት ጥያቄዎች የመጀመሪያው ሜትር ወደ ውኃ ከመውረዱ በፊት በውል ላይ ይስፈሩ።