ጋቢውን እቤት ተዉት፦ በትንሽ መርከብ ወደ አንታርክቲካ ሲኬድ የሚሠሩ ስህተቶች

ሐዋሳ ያደገ ሰው ጀልባ አይፈራም። ቢያንስ እኔ እንደዛ ይመስለኝ ነበር። ልጅነታችን ፍቅር ሐይቅ ዳር ነው ያለፈው፤ ጉማሬ ለማየት ስንቴ በጀልባ እንደወጣሁ ቆጥሬው አላውቅም። ስለዚህ ኖርዌይ የምትኖረው ታላቅ እህቴ 50 ዓመት ሲሞላት "አንታርክቲካ በመርከብ ልሄድ ነው፣ ወጪው በኔ፣ አብረኸኝ ና" ስትለኝ አንድም ነገር ሳልጠይቅ እሺ አልኩ። ከተመለስኩ ወዲህ ካፌ በተቀመጥኩ ቁጥር የሚጠይቀኝ አይጠፋም። ሁለት ሰዎች ደግሞ የምር ሊሄዱ ነው። እነሱም ሌላውም እንዲያነበው ልጻፈው። አብዛኛውን ስህተት ራሴ ሠርቼዋለሁ፣ አላፍርም።

መጀመሪያ የመርከቡን መጠን ሳያዩ መክፈል። ሰው "ትልቅ ይሻላል፣ አይናወጥም" ይላል። አንታርክቲካ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የተመሠረተው የአስጎብኚዎቹ ማኅበር ሕግ አለው፤ ከ500 በላይ መንገደኛ የጫነ መርከብ ሰው ወደ መሬት አያወርድም። በረዶውን በመስኮት አሳይቶ ይመልሳችኋል። አንድ ቦታ ላይ በአንድ ጊዜ መውረድ የሚችለውም ከ100 ሰው አይበልጥም። 100 ሰው በያዘ መርከብ ሁላችሁም አብራችሁ ትወርዳላችሁ፣ 200 ከሆናችሁ በፈረቃ። ካቢን ስትመርጡም መሃል ላይ፣ ዝቅ ያለ ፎቅ ላይ ያለውን ያዙ። ላይኛው እይታው ያምራል፤ ግን አውቶቡስ ላይ የኋላ ወንበር የደረሰው ሰው የምለው ይገባዋል።

ቪዛውን አልዘበዝብም። መርከቡ የሚነሳው ከአርጀንቲና ስለሆነ የአርጀንቲና ቪዛ ያስፈልጋል፣ ኤምባሲው አዲስ አበባ አለ፣ ቀድማችሁ ጀምሩ። በአንታርክቲካ ፈንታ ወደ ሰሜን ዋልታ፣ ወደ ስቫልባርድ የምትሄዱ ካላችሁ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ስቫልባርድ የኖርዌይ ብትሆንም ከሸንገን (ከአውሮፓ የጋራ ቪዛ ቀጠና) ውጪ ናት። በኦስሎ በኩል ሄዳችሁ ስትመለሱ እንደገና ሸንገን ስለምትገቡ ሁለት ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ መሆን አለበት። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ የያዘ ሰው ሲመለስ ጉድ ይሆናል።

መርከቡ በሚነሳበት ቀን መድረስ ሌላው እብደት ነው። ከአዲስ አበባ በሳኦ ፓውሎ በኩል ቦነስ አይረስ ትደርሳላችሁ፣ ከዚያ ደግሞ መርከቡ እስከሚነሳባት ከተማ እስከ ኡሽዋያ ድረስ ሌላ በረራ አለ። ያውም የሀገር ውስጡ በረራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከሌላኛው ኤርፖርት ነው፤ ሻንጣ እየጎተቱ ከተማውን ማቋረጥ አለ። የኔ ሻንጣ ከኔ በኋላ አንድ ቀን ተኩል ቆይቶ ነው የደረሰው። ቀድመን ባንገባ ኖሮ በአንድ ካልሲ ነበር የምሄደው። መርከብ እንደ ሚኒባስ እስኪሞላ አይጠብቅም።

አሁን ወደ ጋቢው። እናቴ "ብርድ ነው፣ እንዳትሞትብኝ" ብላ አዲስ ጋቢ ሻንጣዬ ውስጥ ከተተችልኝ። እህቴ ኡሽዋያ ሆቴል ውስጥ ሻንጣዬን ስትከፍት "አንተ ልጅ፣ ጋቢ ይዘህ መጣህ እንዴ?" ብላ አልጋው ላይ ተንከባለለች። ጋቢ ጥጥ ነው፤ ጥጥ ደግሞ ውኃ ይጠጣል፣ ከጠጣ በኋላ አይደርቅም። ከመርከቡ ወደ መሬት የሚያደርሳችሁ ዞዲያክ የሚባል የጎማ ጀልባ ነው፣ ሞገዱን እየመታ ሲሄድ ውኃው ፊታችሁ ላይ ይረጫል። በነገራችን ላይ ብርዱ ራሱ እንደሚወራው አይደለም። በእነሱ በጋ፣ ማለትም ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ፣ ጉብኝት በሚደረግበት የባሕር ዳርቻ ብዙውን ጊዜ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው። የሚገድለው እርጥበትና ንፋስ ነው። ስለዚህ ከውስጥ የሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ ልብስ፣ ከላዩ የሚያሞቅ ሹራብ፣ ከሁሉም በላይ ውኃ የማያስገባ። ጂንስ አታስቡት። ብዙ መርከቦች ጃኬት ይሰጣሉ፣ ቡት ያውሳሉ፤ ሳትጠይቁ ገንዘብ አታውጡ። ውኃ የማያስገባ ሱሪ ግን የራሳችሁን ያዙ፣ ልባሽ ጨርቅ ተራ ብትፈልጉ አታጡትም። (ጋቢውን ካቢን ውስጥ ለብሼ ተኝቼበታለሁ፤ እሱን አልክድም።)

ከልብሱ ጋር የሚሄድ ስህተት አለ፤ ኪስ አለማራገፍ። መሬት ከመውረዳችሁ በፊት ልብሳችሁና ቦርሳችሁ ይፈተሻል፣ በመጥረጊያ ማሽን ይጸዳል፣ ቡታችሁ በመድኃኒት ይታጠባል። የውጭ ዘር እዚያ እንዳይገባ ነው። እኔ ሰልፍ ላይ ቆሜ አስጎብኚዋ ከጃኬቴ ኪስ ስፌት ውስጥ በወረንጦ አንዲት ፍሬ አወጣች። ገብስ። ከአዲስ አበባ አውሮፕላን ላይ የበላሁት ቆሎ ነው! የተቆላ ነው፣ አይበቅልም ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ። መብራት ላይ ይዛ አገላብጣ አየችው፣ ከዚያ ላስቲክ ውስጥ ከታ ወሰደችው። እህቴ እስከ ዛሬ "ቆሎው" ነው የምትለኝ።

ጾም የምትጾሙ ደግሞ ቀድማችሁ ተናገሩ። የመርከቡ ወቅትና ጾመ ነቢያት ይገጣጠማሉ። ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ድረስ ባለው ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ፣ ከወራት በፊት የሚላከው ፎርም ላይ "ቪጋን" ብላችሁ ሙሉ። ባሕር ላይ ሱቅ የለም። መርከብ ላይ ከወጣሁ በኋላ ነው የነገርኳቸው፤ ወጥ ቤቱ የቻለውን አደረገ፣ እኔም ለሦስት ቀን ዳቦና ሰላጣ በላሁ።

ድሬክ የሚባለውን ባሕር መናቅ። ይሄ የኔ የሐዋሳ ልጅነት ስህተት ነው። ድሬክ ከደቡብ አሜሪካ ጫፍ እስከ አንታርክቲካ ያለው ባሕር ነው፤ ወደ 800 ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ ሁለት ቀን ገደማ ይፈጃል። በዚያ ኬክሮስ ዓለምን ብትዞሩ ንፋሱን የሚያግድ መሬት የለም፤ ንፋሱም ሞገዱም እየተንደረደሩ መጥተው እዚያ ጠባብ ቦታ ይገናኛሉ። ሲረጋ መርከበኞቹ "የድሬክ ሐይቅ" ይሉታል። በሄድንበት ሐይቅ አልነበረም። አስተናጋጆቹ ሳህን እንዳይንሸራተት የጠረጴዛውን ጨርቅ በውኃ ሲያርሱት ሳይ ነው የገባኝ። ኪኒን "ሲያመኝ እውጣለሁ" አልኩ። ካመማችሁ በኋላ የዋጣችሁት ኪኒን ሆድ ውስጥ አይቆይም። ሐኪማችሁን አማክሩና መርከቡ ከመነሳቱ ከሰዓታት በፊት ውሰዱ። ስትራመዱ ሁሌ አንድ እጃችሁ የእጅ መደገፊያውን ይያዝ፣ የበሩ መቃን ላይ ደግሞ ጣት አታሳርፉ፤ በሩ ሲዘጋ አያዝንም።

የመጀመሪያው ቀን የአደጋ ልምምድ ላይ ስልክ የሚነካካ አለ፣ ቀልድ የሚመስለው አለ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2007 ኤክስፕሎረር የምትባል የጉብኝት መርከብ ሳውዝ ሼትላንድ ደሴቶች አካባቢ በረዶ መትቷት ሰጥማለች። 154ቱም ሰዎች የተረፉት በነፍስ አድን ጀልባዎች ወጥተው ነው። የሕይወት ጃኬቱን ማሰሪያ አንድ ጊዜ በደንብ ተለማመዱት፣ አምስት ደቂቃ ነው።

እንስሳ መጠጋት። ሐዋሳ ዓሣ ገበያው፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ በልተን የተረፈውን ለአባ ኮዳ፣ ለዚያ ትልቅ ወፍ፣ መወርወር ለኛ ልማድ ነው። እዚያ ግን ምግብ ይዞ መውረድ ራሱ ክልክል ነው፣ ከፔንግዊን ደግሞ ቢያንስ 5 ሜትር መራቅ አለባችሁ። እሱ ራሱ ከመጣ ዝም ብላችሁ ቁሙ። በረዶው ላይ እየተመላለሱ የሠሯቸው መንገዶች አሏቸው፤ ቅድሚያ የእነሱ ነው። እግራችሁ በረዶው ውስጥ ከሰመጠ ጉድጓዱን ሙሉት፣ አለበለዚያ ፔንግዊን ይገባበትና መውጣት ያቅተዋል። ከወፍ ጉንፋኑ ወዲህ መሬት ላይ መቀመጥ፣ መንበርከክ፣ ቦርሳ ማስቀመጥም ተከልክሏል፤ ተኝቼ ፎቶ አነሳለሁ የምትሉ እርሱት። ሽታውንስ? አሞራ ገደል ሽቶ ነው።

ፀሐይ የሚያቃጥለው ነጭን ብቻ አይደለም። በረዶው ከታች ወደ ላይ ያንጸባርቃል፤ እኔ የተላጥኩት ከአፍንጫዬ ሥር ነው። ክሬም ተቀቡ፣ ጥቁር መነጽር ሳታደርጉ እንዳትወጡ። የስልክና የካሜራ ባትሪ በብርድ ቶሎ ያልቃል፣ ትርፉን ደረት ኪሳችሁ ውስጥ አሙቁት። ወደ ውስጥ ስትመለሱ ካሜራውን መጀመሪያ ፌስታል ውስጥ ቋጥሩት፣ እንዳያልበው።

በጣም የሚቆጨኝ የመጨረሻው ነው። የጉዞ ፕሮግራሙን እንደ አውቶቡስ መነሻ ሰዓት ማመን። ካፒቴኑና የጉዞ መሪው ጠዋት ጠዋት ንፋሱንና በረዶውን አይተው ነው የሚወስኑት። ሌሜር በሚባለው ጠባብ መተላለፊያ ልናልፍ ሄደን በረዶ ዘግቶት ተመለስን። አንድ መንገደኛ "ከፍያለሁ" ብሎ ጮኸ፤ በረዶው አልሰማውም። ሌላ ቀን ደግሞ ሳናስበው ዲሴፕሽን ደሴት ገባን። መሃሉን ባሕር የሞላው እሳተ ገሞራ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1967 እና በ1969 ፈንድቶ እዚያ የነበሩ የምርምር ጣቢያዎችን አውድሟል። ዳርቻው ላይ ከአሸዋው እንፋሎት ይወጣል። "ወንዶ ገነት!" አልኩ ሳላስበው። ሐዋሳም እኮ የተቀመጠችው የጥንት እሳተ ገሞራ ተደርምሶ በፈጠረው ጎድጓዳ ውስጥ ነው።

በማግስቱ ከሰዓት ደከመኝ። ፔንግዊን በቃኝ፣ ነገ እወርዳለሁ ብዬ ተኛሁ። እህቴ ብቻዋን ወረደች። ስትመለስ ጉንጯ ቀልቷል፣ ቡቷ ላይ በረዶ አለ፣ ዞዲያኳ አጠገብ ዓሣ ነባሪ ብቅ ብሎ ትንፋሹ ፊቷን እንዳራሳት እየተንተባተበች ነገረችኝ። ነገ አብረን እንሄዳለን አለችኝ። ሌሊቱን ንፋሱ ተነሳ። ጠዋት በድምፅ ማጉያው መውረድ እንደሌለ ተነገረ፣ መርከቡም አፍንጫውን ወደ ሰሜን አዞረ።