ከስትሮክ በኋላ እንቅልፍ ለሚያጣ ታማሚ አኩፓንክቸርን በጥንቃቄ እንዴት መጠቀም ይቻላል?

ስትሮክ ያጋጠመው ሰው ቀኑን እጁን ለማንሳት፣ ንግግሩን ለማቃናትና ሚዛኑን ጠብቆ ለመቆም ሲታገል ይውላል፤ ሌሊቱን ደግሞ ብዙ ጊዜ ዓይኑ እንደፈጠጠ ያነጋል። አስታማሚውም አብሮት ያነጋል። ይህንን «የበሽታው ጠባይ ነው» ብሎ ማለፍ ትክክል አይደለም። አንጎል ቀን የተለማመደውን እንቅስቃሴ የሚያጸናው በአመዛኙ በእንቅልፍ ጊዜ ስለሆነ፣ ሌሊቱ ሲበላሽ የፊዚዮቴራፒው ልፋት ሙሉ ፍሬውን ሳይሰጥ ሊቀር ይችላል።

በእንዲህ ያለ ሁኔታ ውስጥ ያሉ ብዙ ቤተሰቦች ስለ አኩፓንክቸር ይጠይቃሉ። አኩፓንክቸር በጣም ቀጫጭን መርፌዎችን በተመረጡ የሰውነት ነጥቦች ላይ በማስገባት የሚሰጥ፣ ከቻይና ባህላዊ ሕክምና የመጣ ዘዴ ነው። ከስትሮክ በኋላ ለሚከሰት የእንቅልፍ እጦት የሚሰጠውን ጥቅም በተመለከተ በተለይ በቻይና በርካታ ጥናቶች ተካሂደዋል፤ ብዙዎቹም መሻሻል መታየቱን ዘግበዋል። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ያሳተፉት ጥቂት ሰዎችን ነው። በዚያ ላይ መርፌውን የሚወጋው ባለሙያ እውነተኛውን ሕክምና ለማነጻጸሪያ ከሚሰጠው ማስመሰያ ለይቶ ስለሚያውቅ፣ ከተገኘው ለውጥ ምን ያህሉ ከመርፌው፣ ምን ያህሉ ከተስፋና ከእንክብካቤ እንደመጣ መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ የእኔ ግምገማ ይህ ነው፦ አኩፓንክቸርን ከዋናው ሕክምና ጎን እንደ ረዳት ለመሞከር የሚያበቃ ምክንያት አለ፤ ዋናውን ሕክምና በእሱ ለመተካት የሚያበቃ ግን የለም። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ደረጃዎች በሙሉ የተመሠረቱት በዚህ ግምገማ ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ እንቅልፉን የሚነሳውን ነገር መለየት

ከሁሉም በፊት የሚመጣውና ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ይህ ነው። «እንቅልፍ አጣሁ» የሚለው አንድ ቅሬታ ከጀርባው ፈጽሞ የተለያዩ ምክንያቶች ሊኖሩት ይችላል፤ መርፌ ደግሞ ሁሉንም አያክምም።

በመጀመሪያ መጣራት ያለበት በእንቅልፍ ጊዜ የሚከሰት የትንፋሽ መቋረጥ ወይም ስሊፕ አፕኒያ ነው። ስትሮክ ካጋጠማቸው ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእንቅልፍ ላይ ሳሉ የአተነፋፈስ መዛባት ይታይባቸዋል። ምልክቱ ከፍተኛ ማንኮራፋት፣ ለ10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ትንፋሽ ቀጥ ብሎ መቆም፣ ከዚያም በማነቅ ወይም በመተንፈግ ድምፅ መንቃት፣ ጠዋት ራስ ምታትና ቀኑን ሙሉ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ነው። ታማሚው ራሱ ብዙ ጊዜ ይህንን አያውቀውም፤ የሚያየው አጠገቡ የሚተኛው ሰው ነው። ስለዚህ አስታማሚው ፈቃዱን ጠይቆ የታማሚውን አተነፋፈስ ለተወሰኑ ደቂቃዎች በስልክ ቢቀርጽና ለሐኪሙ ቢያሳይ ከብዙ ማብራሪያ የበለጠ ይረዳል። ይህ ችግር ዳግም ለስትሮክ ከሚያጋልጡ ነገሮች አንዱ ስለሆነ፣ አየርን በግፊት እየገፋ የመተንፈሻ ቱቦውን ክፍት በሚያደርገው መሣሪያ ወይም ሐኪሙ በሚያዝዘው ሌላ መንገድ መታከም አለበት። አኩፓንክቸር የዚህን መሣሪያ ቦታ ሊወስድ አይችልም።

ቀጥሎ የሚታየው የመንፈስ ጭንቀት ወይም ድባቴ ነው። ስትሮክ ካጋጠማቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉ በድባቴ ይያዛሉ፤ ሌሊት ዘጠኝ ወይም አሥር ሰዓት ላይ ነቅቶ ዳግም መተኛት አለመቻል አንዱ መገለጫው ነው። መናገር የተሳነው ታማሚ ኀዘኑን በቃል ስለማይገልጸው፣ ምግብ መተው፣ ፊትን ማዞርና ለልምምዱ ፍላጎት ማጣት እንደ ምልክት መወሰድ አለባቸው።

የቀሩት ምክንያቶች በአንጻሩ ቀለል ያሉ ቢሆኑም ቶሎ ይታለፋሉ። የደከመው ክንድ ትራስ ሳይደረግለት ሲቀር የሚፈጠር የትከሻ ሕመም፣ የጡንቻ መኮማተር፣ ሌሊት ለሽንት ደጋግሞ መነሳት፣ እግርን ያለማቋረጥ የማንቀሳቀስ ግፊት፣ ማታ የሚወሰድ ሽንት የሚያበዛ ወይም የሚያነቃ መድኃኒት፣ እንዲሁም ቀን ቀን ለረጅም ሰዓት መተኛት እያንዳንዳቸው ሌሊቱን ሊያበላሹ ይችላሉ። አንዳንድ ጊዜ የመድኃኒቱን ሰዓት በሐኪም ፈቃድ ከማታ ወደ ጠዋት ማዛወር ብቻውን ችግሩን ይፈታል።

ደረጃ 2፦ የሁለት ሳምንት የእንቅልፍ ማስታወሻ መያዝ

ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ጠዋት ጥቂት ነገሮችን መጻፍ ያስፈልጋል፦ ታማሚው ወደ አልጋ የሄደበት ሰዓት፣ እንቅልፍ እስኪወስደው የፈጀበት ጊዜ በግምት፣ ስንት ጊዜ እንደነቃ፣ መጨረሻ የተነሳበት ሰዓት፣ ቀን ምን ያህል እንደተኛ፣ የወሰደው መድኃኒትና በልምምድ ሰዓት የነበረው ጉልበት። ይህ ማስታወሻ ከሌለ ከወር በኋላ «የተሻለው ይመስለኛል» ከማለት በስተቀር የሚጨበጥ ነገር አይኖርም። በዘርፉ የሚሠሩ ባለሙያዎች የፒትስበርግ የእንቅልፍ ጥራት መለኪያ የተባለውን መጠይቅም ይጠቀማሉ፤ ውጤቱ ከ0 እስከ 21 ሲሆን ከ5 በላይ መሆኑ የእንቅልፍ ጥራት መጓደሉን ያመለክታል።

ደረጃ 3፦ የሚከታተለውን ሐኪም ማማከር

አኩፓንክቸር የሚጀመረው የታማሚው ሁኔታ ከተረጋጋና የደም ግፊቱ በቁጥጥር ሥር ከዋለ በኋላ መሆን አለበት። ለሐኪሙ በግልጽ ሊነሱለት የሚገቡ ጥቂት ጥያቄዎች አሉ።

የመጀመሪያው የደም ማቅጠኛ ነው። አስፒሪን፣ ክሎፒዶግረል፣ ዋርፋሪን ወይም ሌላ ተመሳሳይ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አኩፓንክቸር ፈጽሞ ተከልክሏል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ባለሙያው ይህንን አውቆ ጥልቅ ያልሆኑ ነጥቦችን መምረጥና መርፌው የወጣበትን ቦታ ረዘም ላለ ጊዜ መጫን ይኖርበታል። ዋርፋሪን የሚወስድ ታማሚ የቅርብ ጊዜ የደም መርጋት ምርመራ ውጤቱን ይዞ ይሂድ። ለመርፌ ሲባል የደም ማቅጠኛን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ግን ሌላ ስትሮክ መጋበዝ ነው፤ ይህንን ደግሜ ደጋግሜ ባሳስብ አይበዛም።

ሁለተኛው የጭንቅላት ቀዶ ሕክምና ነው። ከራስ ቅሉ ላይ አጥንት ተነስቶለት ገና ያልተመለሰለት ሰው በዚያ ቦታ ላይ መርፌ ሊወጋ አይገባም። የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመላቸውና የሚጥል ሕመም የገጠማቸው ሰዎች ደግሞ በመርፌው ላይ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውን ዓይነት አኩፓንክቸር ያለ ሐኪም ፈቃድ መጠቀም የለባቸውም። ነፍሰ ጡር የሆነች ታማሚም እርግዝናዋን አስቀድማ ለባለሙያው መንገር አለባት፤ በተለምዶ በእርግዝና ጊዜ የማይነኩ ነጥቦች አሉና።

ደረጃ 4፦ ባለሙያ መምረጥ

ባለሙያው በሚሠራበት አገር ሕግ መሠረት ፈቃድ ያለው መሆኑን፣ ስትሮክ ያጋጠማቸውን ሰዎች አክሞ እንደሚያውቅና መርፌዎቹ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግሉ መሆናቸውን መጠየቅ ነውር አይደለም። የመርፌው እሽግ በታማሚው ወይም በአስታማሚው ፊት መከፈት አለበት። «መድኃኒትህን ተው፣ እኔ አድንሃለሁ» የሚል ባለሙያ ካጋጠመ ምክንያት መጠየቅም አያስፈልግም፤ አመስግኖ መውጣት ነው።

ደረጃ 5፦ በሕክምናው ዕለት

ታማሚው ባዶ ሆዱን ወይም እጅግ ደክሞት መሄድ የለበትም፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ መርፌ ራስን ሊያስት ይችላል። ቀላል ምግብ በልቶ፣ የዕለቱን መድኃኒት ወስዶ፣ እጅጌውና የሱሪው እግር በቀላሉ የሚሰበሰብ ልብስ ለብሶ ይሂድ። ከመጀመሩ በፊት የደም ግፊቱ ይለካ። መናገር ለሚቸግረው ሰው አስቀድሞ አንድ ምልክት ላይ መስማማት ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ በደኅናው እጅ አልጋውን ሁለት ጊዜ መምታት «አቁም» ማለት ሊሆን ይችላል። ይህች ትንሽ ስምምነት ታማሚውን ከፍርሃት ታወጣዋለች፤ ፈርቶ የተኛ ሰው ደግሞ ዘና ሊል አይችልም።

አተኛኘቱ ትልቅ ትኩረት ይፈልጋል። ጀርባው ላይ ወይም ደገፍ ብሎ፣ የደከመው ክንድ ሙሉ በሙሉ በትራስ ላይ አርፎ፣ ከጉልበቱም ሥር ድጋፍ ተደርጎለት መተኛት አለበት። ክንዱ ተንጠልጥሎ ለግማሽ ሰዓት ቢቆይ በትከሻ ሕመም ምክንያት የዚያ ዕለት ሌሊት ከወትሮው የባሰ ይሆናል።

ባለሙያዎች ለእንቅልፍ በብዛት ከሚመርጧቸው ነጥቦች መካከል አንዱ ሼንመን ይባላል፤ «የመንፈስ በር» ማለት ሲሆን በእጅ አንጓ መታጠፊያ መስመር ላይ፣ በትንሿ ጣት በኩል ካለው ጅማት ውስጠኛ ጎን ይገኛል። ኔይጓን ከዚሁ መታጠፊያ በታማሚው የሦስት ጣት ስፋት ያህል ወደ ክርን ከፍ ብሎ፣ በሁለቱ ጅማቶች መካከል ነው። ሳንዪንጂያዎ ከውስጠኛው የቁርጭምጭሚት አጥንት ጫፍ አራት ጣት ከፍ ብሎ ከቅልጥሙ አጥንት በስተኋላ ይገኛል። ባይሁዪ በአናት ላይ፣ አንሚያን ደግሞ ከጆሮ በስተኋላ ያሉ ናቸው፤ የአንሚያን ትርጉም «ሰላማዊ እንቅልፍ» ነው። ባለሙያው እነዚህን ሁሉ ላይጠቀም ወይም ሌሎች ሊጨምር ይችላል።

መርፌዎቹ ብዙውን ጊዜ ከ0.16 እስከ 0.30 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ስለሆኑ ሲገቡ ከመድኃኒት መርፌ ያነሰ ሕመም አላቸው። ከገቡ በኋላ የመክበድ፣ የመደንዘዝ ወይም የመወጠር ስሜት ይፈጠራል፤ ለ20 እስከ 30 ደቂቃም በቦታቸው ይቆያሉ። ነገር ግን ስሜቱ በጠፋ የሰውነት ወገን ላይ ታማሚው መርፌው ቢያመው እንኳ ላይሰማው ይችላል። በዚህ ወገን ላይ ባለሙያው በታማሚው ስሜት ሳይሆን በራሱ ዓይንና እጅ መመራት አለበት። በተለይ ሙቀት የሚሰጥ ዕፅ እያነደዱ ቆዳን የማሞቅ ዘዴ በደነዘዘ ቆዳ ላይ ሳይታወቅ ሊያቃጥል ስለሚችል ቢቀር ይመረጣል።

መርፌዎቹ ከወጡ በኋላ ታማሚው ድንገት አይነሳ። ቁጥራቸው ሲገቡ ከነበረው ጋር እኩል መሆኑ ይረጋገጥ፤ ታማሚው ጥቂት ደቂቃ ተቀምጦ ካረፈ በኋላ ተደግፎ ይቁም። ትንሽ መበለዝ ወይም የደም ጠብታ የተለመደ ነው። የማይቆም ደም፣ እየበዛ የሚሄድ እብጠትና መቅላት፣ ትኩሳት፣ ወይም በደረት አካባቢ ከተወጋ በኋላ የሚመጣ የትንፋሽ እጥረትና የደረት ሕመም ግን አስቸኳይ ሕክምና ይጠይቃሉ። ፊት መጣመም፣ አዲስ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ ንግግር መኮላተፍ ከታየ ደግሞ ጊዜ ሳይባክን ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው፤ «የመርፌው ውጤት ይሆናል» ተብሎ መጠበቅ የለበትም።

ደረጃ 6፦ በሕክምናዎቹ መካከል በቤት ውስጥ

በቤት ውስጥ መርፌ መጠቀም አይፈቀድም፤ ነጥቦቹን በጣት መጫን ግን ይቻላል። ወደ አልጋ ከመሄድ በፊት አስታማሚው በአውራ ጣቱ ሼንመንንና ኔይጓንን ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ ያህል፣ ሕመም በማይፈጥር ግፊት በዝግታ ሊጫን ይችላል። ሁለት ገደቦች አሉ። አንገትን በኃይል ማሸት ወይም ማጣመም የተከለከለ ነው፤ ወደ አንጎል ደም የሚያደርሱት ቧንቧዎች በዚያ ያልፋሉና። ባቱ ያበጠ፣ የሞቀ ወይም ያመመው ታማሚም እግሩ አይጫን፤ የረጋ ደም ሊኖር ስለሚችል አስቀድሞ ሐኪም ይየው።

ከዚህ ጎን ለጎን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መነሳት፣ ጠዋት ብርሃን ማግኘትና የቀን እንቅልፍን ወደ ግማሽ ሰዓት ማሳጠር ያስፈልጋል። ለረጅም ጊዜ ለቆየ የእንቅልፍ እጦት የአሜሪካ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ በቅድሚያ እንዲሰጥ የመከረው በአስተሳሰብና በባህሪ ላይ ያተኮረውን የእንቅልፍ ሕክምና ነው፤ ይህ በሚገኝበት ቦታ ሁሉ አኩፓንክቸር ሊከተለው እንጂ ሊቀድመው አይገባም።

ደረጃ 7፦ ከአራት ሳምንት በኋላ መወሰን

የተለመደው አካሄድ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ለአራት ሳምንት ያህል መታከም ነው። ጊዜው ሲያልቅ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ማስታወሻ ከሕክምናው በፊት ከተያዘው ጋር ጎን ለጎን ይቀመጥ። እንቅልፍ ለመተኛት የሚወስደው ጊዜ አጥሮ፣ የሌሊት መንቃት ቀንሶ፣ በልምምድ ሰዓት ያለው ጉልበት ጨምሮ ከተገኘ ሕክምናውን ቀስ በቀስ ወደ ሳምንት አንድ ጊዜ እያራራቁ መቀጠል ይቻላል። ለውጥ ከሌለ ማቆምና ወደ ደረጃ 1 ተመልሶ ያልታየውን ምክንያት መፈለግ ይሻላል።

የእንቅልፍ ክኒን የሚወስድ ታማሚ እንቅልፉ ስለተሻለው ብቻ ክኒኑን በአንድ ጊዜ ማቆም የለበትም። አንዳንዶቹ ክኒኖች በድንገት ሲቋረጡ የእንቅልፍ እጦቱን ያባብሳሉ፣ አልፎ ተርፎም የሚጥል ሕመም ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። በሌላ በኩል ደግሞ ሚዛንን በማሳጣት የመውደቅ አደጋን ስለሚጨምሩ፣ ያለ በቂ ምክንያት ለረጅም ጊዜ መቀጠላቸውም አይበጅም። ስለዚህ የአራቱን ሳምንት ማስታወሻ ይዞ ወደ ሐኪሙ መሄድና መጠኑ በምን ፍጥነት ሊቀነስ እንደሚችል ከእሱ ጋር መወሰን ያስፈልጋል።