የጀርባ ኦፕሬሽን ተደርጎ ህመሙ ካልለቀቀ ሌላ ሐኪም ጋር እንዴት ይኬዳል (ጅማ ላላችሁ)

እናቴ ወገቧን ኦፕሬሽን ከሆነች ስድስት ወር አልፏት ሽንት ቤት ስትሄድ ግድግዳ ይዛ ነበር፣ ግራ እግሯ እንደ ድሮው ያቃጥላታል፣ እኛ ደግሞ ሌላ ጋ ብንወስዳት ሐኪሟ ይቀየመናል እያልን ጊዜ ፈጀን። ጥሩ ሐኪም አይቀየምም፣ ቢቀየምም ህመሙን የምትችለው እሷ ናት።

መጀመሪያ ግን ሽንት አልወጣ ካለ ወይ ካመለጠ፣ መቀመጫና ጭን መሃል ከደነዘዘ፣ እግር እየሰነፈ ከሄደ፣ ወይ ትኩሳት ኖሮ ቁስሉ ፈሳሽ ካመጣ ቀጠሮ ምናምን ሳትሉ በዛው ቀን ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል ግቡ፣ ይሄ በሰዓታት የሚቆጠር ነገር ነው።

እንደዛ ካልሆነ ዋናው ስራ ወረቀት መሰብሰብ ነው። ኦፕሬሽን ከሆነችበት ሆስፒታል የኦፕሬሽን ኖቱን (ሐኪሙ የሰራውን የጻፈበትን ወረቀት) ኮፒ ጠይቁ፣ የቱ ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለው ትራስ) እንደተነካ፣ ብረት ገብቶ ከሆነ ምን አይነት እንደሆነ እዛ ላይ ነው ያለው። የኤምአርአይ ሪፖርት ብቻ ይዛችሁ እንዳትሄዱ፣ ፎቶዎቹ ያሉበትን ሲዲ ያዙ፣ ከኦፕሬሽን በፊት የተነሳችውንም በኋላ የተነሳችውንም። አዲስ አበባ ያየን ሐኪም ሪፖርቱን ወደ ጎን አደረገና ሲዲውን ከፍቶ አጥንቶቹን በእስክሪብቶ ጫፍ ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ ቆጠረ፣ ለካ የተሰራው ትክክለኛው ቦታ መሆኑን እያየ ነው። ወረቀት ብቻ ብንይዝ ምኑን ይቆጥር ነበር?

ሌላው የህመሙ ታሪክ ነው፣ ቤት ቁጭ ብላችሁ ጻፉት። ከኦፕሬሽኑ በኋላ ጭራሽ አልተሻላትም ወይስ ተሽሏት ተመለሰ? ጭራሽ ካልተሻለ ቦታው ወይ የህመሙ ምክንያት ተስቶ፣ ወይ ነርቩ በደንብ ሳይለቀቅ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፣ ተሽሎ ድንገት ከተመለሰ ዲስኩ እንደገና ወጥቶ ይሆናል፣ ቀስ እያለ ከመጣ ደግሞ ነርቩ ዙሪያ ጠባሳ ሊሆን ይችላል። ጠባሳና ዲስክ ለመለየት ብዙ ጊዜ በደም ስር መድኃኒት እየተሰጠ የሚነሳ ኤምአርአይ ይታዘዛል፣ ኩላሊቷን የሚያማት ከሆነ ቀድማችሁ ተናገሩ። ብረት ካለ ሲቲ ስካን ሊጨመር ይችላል።

ማን ጋር? ኒውሮሰርጀን (የአንጎልና የነርቭ ኦፕሬሽን ሐኪም) ወይ አከርካሪ የሚሰራ የአጥንት ሐኪም፣ ቢቻል ከመጀመሪያው ጋር አብሮ የማይሰራ። አዲስ አበባ የመንግስት ሆስፒታል፣ ለምሳሌ ጥቁር አንበሳ፣ ለመሄድ ካሰባችሁ ሪፈር ከዚሁ አጽፉ። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ለወገብ ከባድ ነው፣ እኛ ኮንትራት መኪና ይዘን ሰኮሩም ወልቂጤም ወሊሶም ወርዳ ትንሽ እንድትራመድ አደረግን፣ የጊቤን ቁልቁለት ግን ዝም ብላ ጥርሷን ነክሳ ነው ያለፈችው።

ሐኪሙ ጋር ስትገቡ ኦፕሬሽን መሆኗን እንዳትደብቁ። "ህመሙ ከምን እንደመጣ ፎቶው ላይ ያሳዩን" በሉ፣ "እንደገና ባትሰራስ ምን ይሆናል" በሉ። ምክንያቱን ሳያሳያችሁ ከፍተን እንየው የሚላችሁ ካለ አትፈርሙ፣ ሁለተኛ ኦፕሬሽን ከመጀመሪያው ይከብዳል፣ የመሳካት እድሉም ይቀንሳል።

የእናቴ ጠባሳ ሆነ። የአዲስ አበባው ሐኪም ቢከፈት ሌላ ጠባሳ ያመጣል ብሎ የነርቭ መድኃኒትና ፊዚዮቴራፒ አዘዘላት፣ ሀሳቡንም በጽሁፍ ሰጠን፣ ያንን ይዘን ወደ መጀመሪያው ሐኪሟ ተመለስን፣ አንብቦ ክትትሉን እዚሁ ጅማ ቀጠለላት።