ዩዘርኔም ስታወጡ እነዚህን ስህተቶች ባትደግሟቸው

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፣ የኢንተርኔቱን ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያወጣው «ይሄ ስም ተይዟል» የምትለዋ ቀይ ጽሑፍ ናት። ትናደዱና ያገኛችሁትን ቁጥር ለጥፋችሁ ትገባላችሁ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ ከዛ በዛ ስም አስር አመት መኖር ነው። እኔ በ15 አመቴ ያወጣሁት ስም «ጨለማው» የሚል ሆኖ ከኋላው ሶስት ኤክስ ነበረበት፣ ኢሜይሌም በሱ ነበር፣ የመጀመሪያ ሲቪዬን የላኩትም በዛው ኢሜይል ነው። መልስ አልመጣም። ለምን እንደሆነ ማንም አልነገረኝም ግን እጠረጥራለሁ።

የትውልድ ዘመን መለጠፍ። ስም ሲያዝ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው እዚህ ጋ ነው። ችግሩ እድሜን ለማንም አላፊ አግዳሚ መንገር ብቻ አይደለም፣ የልደት ቀን ብዙ ቦታ ማንነት ማረጋገጫ ሆኖ ስለሚጠየቅ ግማሹን መልስ ራሳችሁ በር ላይ ሰቅላችሁታል ማለት ነው። ደሞ ቁጥር ትርጉም አለው፣ ለምሳሌ 88 በናዚ አድናቂዎች ዘንድ የሂትለር ሰላምታ ኮድ ነው፣ ሰላምታው ውስጥ ያሉት ሁለት ቃላት የሚጀምሩበት ኤች በላቲን ፊደል ስምንተኛ ስለሆነች። በ1988 የተወለደ ምስኪን ይሄን ከየት ያውቃል? ግን የሚያየው ሰው አያውቅለትም።

ለአይን ብቻ የሚሆን ስም። አንድ ፈተና አለችኝ፣ ስሙን ለሆነ ሰው በስልክ ንገሩት፣ ሳይጠይቃችሁ ከጻፈው ስሙ ጥሩ ነው። «አንደርስኮር፣ አይ ሁለቴ፣ ከዛ ዜሮ፣ ኦ አይደለም ዜሮ» ማለት ከጀመራችሁ በቃ አልቋል። ትንሿ ኤል እና ትልቋ አይ ብዙ ስክሪን ላይ አንድ አይነት ናቸው፣ አጭበርባሪ ደሞ የሚወደው ይሄንኑ ነው፣ አንዷን ፊደል በሌላዋ ቀይሮ እናንተን መስሎ ጓደኞቻችሁን ገንዘብ ይጠይቅላችኋል።

የኛ ደሞ የባሰ ነው። ቴሌግራምም ኢንስታግራምም ኤክስም (የድሮው ትዊተር) ዩዘርኔም ላይ የሚቀበሉት የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና አንድ ሁለት ምልክት ብቻ ስለሆነ የአማርኛ ስማችንን በላቲን ልንጽፍ እንገደዳለን፣ እዛ ላይ ጠ እና ተ አንድ ይሆናሉ፣ ቀ እና ከ ይምታታሉ፣ «ብርሃን»ን አንዱ በአይ (i) ይጽፋል አንዱ በኢ (e) ሌላው አናባቢውን ይተወዋል፣ ሰርች ያደረገ ሰው ሁሉ ሌላ ብርሃን ቤት ይገባል። ስለዚህ እናንተ ያማራችሁን ሳይሆን ሰው መጀመሪያ የሚሞክረውን አጻጻፍ ያዙ። ዲስፕሌይ ኔም ላይ (ከዩዘርኔሙ ለብቻ የሚታየው ስም) እንደፈለጋችሁ በፊደላችን ጻፉ፣ እዛ ማንም አይከለክልም።

ርዝመቱን አለማየት። ኤክስ ከ15 ፊደል በላይ አይቀበልም፣ ኢንስታግራም እስከ 30 ይፈቅዳል፣ ቴሌግራም መደበኛ ስም ከ5 በታች አይወስድም። ሁሉም ጋ አንድ ስም ከፈለጋችሁ በ5 እና በ15 መሀል ፈልጉ። (ድሮ አይአርሲ በሚባለው የቻት ሲስተም ላይ እ.ኤ.አ. በ1993ቱ ስታንዳርድ ኒክኔም 9 ፊደል ብቻ ነበር፣ ሰዉ እንዴት አጭር ስም ይዞ እንደኖረ አስቡት።)

«በኋላ እቀይረዋለሁ» ማለት። ሬዲት የሚባለው የውይይት ድረ ገጽ ላይ አንዴ የጸደቀ ስም አይቀየርም፣ መውጫው ሌላ አካውንት መክፈት ነው። ቲክቶክ በ30 ቀን አንዴ ያስቀይራል። ኤክስ ላይ መቀየር ቀላል ነው ግን የተዋችሁትን ስም ሌላ ሰው ሊያነሳው ይችላል፣ ያኔ በድሮ ስማችሁ ታግ የተደረጋችሁበት ሁሉ ወደሱ ይሄዳል።

መደበቂያውንም መታወቂያውንም በአንድ ስም ማድረግ። ይሄ ነው ሰው የሚንቀው። ሲልክ ሮድ የሚባለውን የድብቅ አደንዛዥ እጽ ገበያ የከፈተው ሮስ ኡልብሪክት እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ ላይ «አልቶይድ» በሚል ኒክኔም ገበያውን አስተዋወቀ፣ በዛው አመት በዚሁ ኒክኔም የአይቲ ባለሙያ ፈልጎ ሲለጥፍ ሙሉ ስሙ ያለበትን ኢሜይል አስቀመጠ። አንድ የታክስ መርማሪ ያንን ያገኘው ጉግል ላይ ሰርች አድርጎ ነው፣ በ2013 ሰውዬው ተያዘ። እኔና እናንተ ወንጀለኛ አይደለንም፣ ግን የጤና ጥያቄ የምትጠይቁበት፣ ስለ አለቃችሁ የምታማርሩበት አካውንት ከስራው አካውንት ጋር አንድ ስም ካለው አለቃችሁም ጉግል አለው። መለየት ካሰባችሁ ደሞ በደንብ ለዩት፣ መጨረሻው ላይ 2 መጨመር መለየት አይባልም።

የፍቅረኛ ስም መጨመርንማ አልዘረዝርም፣ የደረሰበት ያውቀዋል። ስሙን ከመያዛችሁ በፊት ግን አንዴ ሰርች አድርጉት፣ ባለቤቱ ማን እንደነበር፣ በሌላ ቋንቋ ስድብ እንደሆነ ወዲያው ይታያል። እኔ ይሄን ያደረግኩት ዘግይቼ ነው፣ «ጨለማው» ከነሶስት ኤክሱ አንድ ስም የማያስቀይር ቦታ ላይ አሁንም አለ፣ ፓስወርዱ ጠፍቶኛል፣ ልሰርዘውም አልቻልኩም።